ጥገኛ የተባሉት አጎት

ገርጂ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የአካባቢ ሳይንስ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ የተከራየው ፎቅ ነው፤ የእኛ ክፍል ሦስተኛው ላይ ነበር። መስኮቱ ሲከፈት የጎረቤት ኮንዶሚኒየም፣ የተሰጣ ልብስና የውሃ ሮቶ ይታያል። ሮቶው የቆመበት ብረት መሀል ርግቦች ጎጆ ሠርተዋል። ልጆቹ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘውታል፤ በዚያ መስኮት ግን ወደ ውጭ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ከፊት የምትቀመጥ ጎበዝ ተማሪ አስነሣሁና "ሀቢታት" ምን ማለት እንደሆነ እንድትነግረን ጠየቅኋት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃሉ የአንድ ፍጥረት መኖሪያ አካባቢ ማለት ነው። ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ አንድ ቃል ሳታጎድል በእንግሊዝኛ ወረደችው። ትርጉሙ ካለቀ በኋላም አላቆመችም፤ "ከታች ያለውን ሥዕል ተመልከቱ" የሚለውንም ጨምራ ተቀመጠች። ማንም አልሳቀም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ሥዕሉን ፍለጋ ወደ ታች ተመለከቱ።

"እሺ፣ የርግብ ሀቢታት የት ነው?" አልኳት።

ትንሽ አሰበችና "ጫካ?" አለችኝ።

ርግቧ ከኋላዋ የመስኮቱ ደፍ ላይ ቆማ ነበር።

በማግስቱ መጽሐፉን አስዘጋኋቸውና የቤት ሥራ ሰጠሁ። ከተማርናቸው ቃላት አንዱን መርጠው ምሳሌ ጽፈው ይመጣሉ፤ ምሳሌው ግን ከቤታቸው ወይም ከሰፈራቸው መሆን አለበት። አንበሳ ክልክል ነው። ጫካ ክልክል ነው። በቴሌቪዥን ያዩት ሁሉ ክልክል ነው። አንዱ እጁን አወጣና "በአማርኛ መጻፍ ይቻላል?" አለኝ፣ እንደማይቻል እርግጠኛ ሆኖ። ይቻላል ስለው ጓደኞቹን ዞር ብሎ አያቸው፤ አንድ ነገር ያሸነፈ ይመስል ነበር።

ወረቀቶቹን ሰብስቤ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። "የመሸከም አቅም" ማለት አንድ አካባቢ ሳይጎዳ ሊያኖረው የሚችለው የፍጥረት ብዛት ነው። አንዱ ልጅ ለዚህ ከመገናኛ ገርጂ የሚመላለሰውን ሚኒባስ መርጦ "በተፈጥሮ ውስጥ የመሸከም አቅምን የሚወስኑት ምግብ፣ ውሃና ቦታ ናቸው። በእኛ መስመር ግን የሚወስነው ረዳቱ ነው" ብሎ ጽፏል። "መላመድ"ን የመረጠው ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ የሚኖር ልጅ ደግሞ ስለ ውሃ ፈረቃ ጻፈ፦ "ቧንቧው መንተፋተፍ ሲጀምር ሁላችንም ባልዲ ይዘን እንቆማለን። እናቴ ግን ከመንተፋተፉ በፊት ትነሣለች። ከሁላችንም የበለጠ የተላመደችው እሷ ናት።" አንዲት ልጅ ስለ ድምፅ ብክለት ስትጽፍ ኦርጋን የሚለማመድ ጎረቤታቸውን አነሣች። ሰውየው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል፤ ቤተሰቡም ሥራውን አቁሞ ያንን ስሕተት ይጠብቃል።

ከሁሉም ያሳቀኝ ግን በክፍሉ ብዙም የማትናገር አንዲት ልጅ "ጥገኛ" ለሚለው ቃል የጻፈችው ነበር። እንዲህ ይላል፦

"ጥገኛ ማለት በሌላ ሕያው ነገር ላይ ወይም ውስጥ እየኖረ ምግቡን ከእሱ የሚያገኝ፣ አስተናጋጁን የሚጎዳ፣ ብዙ ጊዜ ግን የማይገድል ነው። የእናቴ ወንድም ለአንድ ሳምንት ብሎ ከቡታጅራ መጣ። የመጣው ባለፈው ክረምት ነው። የሚኖረው ሶፋችን ላይ ነው። ምግቡን ከእኛ ያገኛል። ሪሞቱን አንዴ ከያዘ አይለቅም። እስካሁን ከቤተሰባችን የሞተ የለም።"

ትርጉሙን በሚገባ ስለተረዳችው ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። በዚያው ሰሞን የወላጆች ቀን ደርሶ ነበርና፣ የተሻሉት ሥራዎች ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፉ ሲባል የእሷንም ለጠፍኩት። እናቷን አውቃቸዋለሁ፤ ቢያዩት ይስቃሉ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወላጆች መግባት ሲጀምሩ ልጅቷ እየሮጠች ክፍል ድረስ መጣች።

"ሚስ፣ እናቴ አልመጣችም።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው? ሌላ ቀን ትመጣለች።"

"ጋሼን ነው የላከችው፤ አጎቴን።"

ሁለታችንም ተያይዘን ወጣን። ደርሰው ነበር። ግራጫ ኮት የለበሱ፣ ጸጉራቸው ከፊት ገባ ያለ ሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው ያነባሉ። ጨረሱ። ከዚያ ወደ ላይ ተመለሱና ከርዕሱ ጀምረው እንደገና አነበቡት። ልጅቷ ከጀርባዬ ተለጠፈች።

"መምህርቷ እርስዎ ነዎት?" አሉኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ስንት አገኘች?"

"ሙሉ ማርክ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይገባታል። የእጅ ጽሑፏም ተሻሽሏል።" ከዚያ መነጽራቸውን አወረዱና አስተካከሉ። "ቅሬታ የሚቀርበው ለማን ነው?"

"ቅሬታው በምን ላይ ነው?"

"በምደባው ላይ።" ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አደረጉ። "ምግቡን ከእነሱ ያገኛል ይላል። እበላለሁ፣ አልክድም። እነሱ ዘንድ ይኖራል ይላል። ሶፋው ላይ ነኝ። አስተናጋጁን ይጎዳል የሚለው ላይ ግን ማስረጃ አላየሁም።"

"ሪሞቱስ?" አለች ልጅቷ ከኋላዬ፣ በቀጭን ድምፅ።

"ዜና ማየት ጉዳት ነው እንዴ?"

አጠገባችን የቆሙ ወላጆች መሳቅ ጀመሩ። እሳቸውም ፈገግ ብለዋል። እጃቸው ግን የኮታቸውን ጫፍ ያጥፍና ይዘረጋ ነበር፤ እሱን ሳይ ሳቄ ቆመ። ወረቀቱን ልነቅለው እጄን ስዘረጋ ከለከሉኝ። "ይቆይ። ያላለቀ ነገር ለምን ይነሣል?"

"ማክሰኞ ክፍለ ጊዜ አለን" አልኳቸው። "ይምጡና ቅሬታዎን ለክፍሉ ያቅርቡ።"

አስቤ የተናገርኩት አይደለም። እሳቸው ግን የሚጠብቁት ግብዣ እንደደረሳቸው ሰው ሰዓቱን ጠየቁኝና ሄዱ። ርእሰ መምህራችንን "የወላጅ ተሳትፎ ነው" ብዬ አስፈቀድኩ።

ማክሰኞ ክራቫት አስረው መጡ። ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ወንበር ሰጠኋቸው። ለተማሪዎቹ ደንቡን ነገርኳቸው፦ መሳደብም ማሞገስም አይቻልም፤ የሚቻለው መጠየቅ፣ ማስረጃ ማቅረብና የተማርነውን ቃል መጠቀም ነው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓይነት አብሮ መኖር ጻፍኩ። አንዱ ተጠቅሞ ሌላው የሚጎዳበት፣ አንዱ ተጠቅሞ ሌላው የማይጎዳም የማይጠቀምም የሆነበት፣ ሁለቱም የሚጠቀሙበት።

መጀመሪያ የተነሣው ስለ ሚኒባስ የጻፈው ልጅ ነበር። ከብት ተከትሎ የሚሄደውን ነጭ ወፍ ምሳሌ አድርጎ ሁለተኛውን ደገፈ። ላሟ ስትራመድ የሚነሣውን ነፍሳት ወፉ ይለቅማል፤ ላሟ ግን ወፉ ኖረ አልኖረ ግድ የላትም።

"ላሟ ማናት?" አሉት አጎትየው።

"የእሷ እናት" አለ ልጁ ወደ ልጅቷ እያመለከተ፤ ወዲያው የተናገረው ገባውና ቁጭ አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አጎትየው "ይህን ለእህቴ አልነግራትም" አሉት።

ከመስኮቱ በኩል የእነሱ ጎረቤት የሆነች ልጅ ተነሣች። "ጠዋት ጠዋት የት ነው የሚሄዱት?"

"ወደ ኢምፔሪያል እሄዳለሁ። አንዳንዴ በእግሬ እስከ ኦሎምፒያ እዘልቃለሁ።"

"ሥራ አለዎት?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?"

ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ "ሰው ቤት ያረፈ ሰው ቀን ቀን መውጣት አለበት" አሉ። "ቤቱም ትንሽ ይተንፍስ እንጂ።"

ቀስ እያሉ ነገሩን። ቡታጅራ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ ነበራቸው፤ የተከራዩትን ቤት ባለቤቱ ሸጠው። አዲስ አበባ የመጡት ሱቅ ለመፈለግ ነው፤ ሳምንት ያሉትም ሳምንት የሚበቃቸው መስሏቸው ነው። ሲዞሩ ይውላሉ፤ ያገኙት ቦታ ወይ ይጠብባቸዋል ወይ ይወደድባቸዋል። "ከመንገድ ስገባ፣ በልቻለሁ የምላቸው ቀን አለ" አሉ። "ሁልጊዜ እውነት አይደለም።"

ልጅቷ ጠረጴዛዋን ታያለች። ይህን ከዚያ ቀን በፊት እንዳልሰማችው ከፊቷ ያስታውቃል። በዚህ መሀል ከመጨረሻው ወንበር አንዱ እጁን አወጣ።

"ሚስ፣ አስተናጋጁን ላለመጉዳት ብሎ የሚጾም ጥገኛ ምን ይባላል?"

"መጽሐፉ ውስጥ የለም" አልኩት።

አጎትየው ከሁሉም ቀድመው ሳቁ፤ ክፍሉም ተከተላቸው። ሳቁ ሲበርድ ልጅቷ ሳትጠየቅ ተነሣች።

"ማስረጃ አለኝ" አለች። "ሊፍት ስለሌለን ውሃ በጄሪካን ተሸክሞ የሚያወጣልን እሱ ነው። ዳቦ የሚሰለፈው እሱ ነው። ሒሳብ ያስጠናኛል፤ ዘዴው የድሮ ነው ግን ልክ ይመጣል። ደግሞ እናቴ…" ቆም አለች። "እናቴ በፊት ከሥራ ስትገባ አታወራም ነበር። ዝም ብላ ጫማዋን አውልቃ ትቀመጥ ነበር። አሁን በሩን ሳትከፍት ደረጃው ላይ ሆና ነው ማውራት የምትጀምረው፤ እሱ እንደሚሰማት ታውቃለች።"

አጎትየው መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ብዙ ጠረጉት።

"ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ይዛወር" አለች ልጅቷ ሰሌዳውን እያሳየች። "ሪሞቱ ግን እንደ ጉዳት ይመዝገብ።"

"እሱን እቀበላለሁ" አሉ አጎትየው።

በዚያው አጋጣሚ፣ በዚህ ዓመት ቀርቶ በሚመጣው ዓመትም አስረዳዋለሁ ብዬ ያላሰብኩትን ነገር አስረዳሁ፤ በተፈጥሮም ቢሆን እነዚህ ሦስቱ በአጥር የተለዩ አይደሉም፤ በደህና ጊዜ ለሁለቱም የሚጠቅም አብሮ መኖር ችግር ሲመጣ አንዱን ሊጎዳ ይችላል፤ የጎዳውም ጊዜ ሲለወጥ ሊጠቅም ይችላል። በቃላቸው የሚይዙት ትርጉም ስላልሰጠኋቸው ማንም ደብተር አላወጣም። ሁሉም ያዳምጡኝ ነበር።

ልጅቷ ወረቀቱን እንደገና ጻፈችና ኮሪደሩ ላይ በቀድሞው ቦታ ለጠፍነው። አጎትየው ሊያዩት መጡ፤ "ሁለቱም የሚጠቀሙበት" የሚለው ላይ አንድ ፊደል አርመው ሄዱ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ሥር ኮንቴይነር ውስጥ ከሌላ ነጋዴ ጋር ተጋርተው ሱቅ ከፈቱ። ሽሮ ከእሳቸው ነው የምገዛው። አሁን የሚኖሩት እዚያው አጠገብ በተከራዩት ክፍል ነው፤ የእህታቸው ልጅ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ሒሳቧን ይዛ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ሚዛን ላይ ሽሮ እያፈሰሱ ሳለ፣ ከአገር ቤት የመጣ የአክስታቸው ልጅ እሳቸው ጋ እንዳረፈ ነገሩኝ። "ለአንድ ሳምንት ነው ያለኝ" አሉኝ። ልጅቷ ከደብተሯ ቀና ብላ አየችኝ።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሲመጣ፣ እንደ ትምህርት ቤታችን ልማድ የእኔን ክፍል ወረቀት ያረመው ሌላ መምህር ነበር። ከሰዓት በኋላ የወረቀቱን ክምር ይዞ፣ አይቶ የማያውቀው ነገር እንደገጠመው ሰው ሆኖ መጣ።

"አብሮ መኖርን በምሳሌ አስረዱ የሚለው ጥያቄ ላይ" አለኝ፣ "ግማሹ ክፍል 'አጎት' ብሎ ነው የጻፈው። አንዳንዱ ጥገኛ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ይጠቅማል ይላል። አንዷ ደግሞ በክረምት አንድ ዓይነት፣ በበጋ ሌላ ዓይነት ነው ብላ ሥዕል ጨምራበታለች። አጎት የሚባል ወፍ አለ እንዴ?"

"ወፍ አይደለም" አልኩት።

"ታዲያ ምን ልስጣቸው?"

"ምክንያታቸውን አንብብና የመሰለህን ስጥ።"

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ማንበብ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።