ቁስለኛው ነብርና ፈተናውን የወደቀው ሰይድ

ነገ ለብቃት ተኩስ ፈተና ወደ ሜዳ ስለምትወጡ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። እናንተ ቁጭ በሉ። እኔ ብቆም ይሻለኛል፤ ይህን ነገር ተቀምጬ ማውራት አልችልም።

መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ከመካነ ሰላም በላይ ባለው ደጋ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ የአስታውን ቁጥቋጦም ጅብራውንም ይውጠዋል። ያን ሰሞን አንድ ነብር ለድኩላ በተጠመደ ሽቦ እግሩን ተይዞ፣ ሽቦውን በጥሶ አመለጠ። አንካሳ ነብር ድኩላ አያሳድድም። መጀመሪያ ወደ በግ ዞረ፤ ቀጥሎ እንጨት የምትለቅም ሴት ላይ ወጣ። የዚያው መንደር ገበሬ የአያ ደምሴ ባለቤት ናት። በሕይወት ተረፈች፣ ክንዷ ግን እስከ ዛሬ አይታጠፍም። ነብሩ እንዲገደል ፈቃድ ወጣና እኔን ጠሩኝ።

ሌላ ማንን ይጥሩ? በሠራዊቱ ውስጥ ሃያ ዓመት ተኩስ ያስተማርኩ ሃምሳ አለቃ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የደን ጠባቂዎቹን የማሠለጥነው እኔ ነበርኩ። ፈተናው ሃያ ጥይት ነው፤ ተኝቶ፣ ተንበርክኮ፣ ቆሞ። ከሃያው አሥራ አራት ያልመታ መሣሪያ አይዝም። ከዚያ ደግሞ ድንገት ብቅ ብሎ የሚጠፋው የሰው ቅርጽ አለ፤ እስከ ሦስት ተቆጥሮ ካልተኮስክ አለፈህ። «ያመነታ ወደቀ» እል ነበር። ራሴ ያወጣሁት አባባል ነው፤ እኮራበትም ነበር።

ሰይድ አሥራ አንድ ብቻ መታ። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ጫካውን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ጠባቂ ነው። ብቅ በሚለው ዒላማ ላይማ ጭራሽ አልተኮሰም።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ማን እንደሆነ ሳላይ አለፈ» አለኝ።

ሠልጣኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። መዝገቡ ላይ «አልበቃም» ብዬ ጻፍኩ። ስለዚህ ለነብሩ ስንወጣ እኔ ክላሼን፣ አያ ደምሴ የራሱን አሮጌ ምንሽር፣ ሰይድ ዱላውን ይዞ ነበር።

ዱካውን ያገኘው ሰይድ ነው። እርጥቡ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ «ጅብ ቢሆን ጥፍሩ ይታይ ነበር። ሦስቱ እግር ጠልቋል፤ አራተኛው ይጎተታል። ሽቦው አሁንም አለበት» አለ። ዱካውን ተከትለን አንድ ጠባብ ሸለቆ አፋፍ ደረስን። አያ ደምሴ ከታች መውጫውን ያዘ። እኔ መሃል፣ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ አጠገብ ተንበረከክሁ። ሰይድ ከላይ ዞሮ ድንጋይ እየወረወረ ሊያስነሳው ተስማማን።

«እያፏጨሁ ነው የምወርደው። ፉጨት ከሰሙ እኔ ነኝ» አለኝ።

ጉሙ ወረደ። ከአሥራ አምስት እርምጃ ወዲያ ምንም አይታይም። ፉጨቱ ተሰማ፤ ቀረበ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ጠበቅሁ። ጉልበቴ በእርጥቡ መሬት ራሰ። ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየርኩ፤ ይህን ለተማሪ የምከለክል ሰውዬ!

ከፊቴ አስታው ተነቃነቀ። ቡላ ጀርባ፣ ዝቅ ብሎ፣ ወደ እኔ። ሰውነቴ ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን አደረገ፤ ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ፣ ትንፋሼን ግማሹን አወጣሁ፣ ምላጩን መሳብ ጀመርኩ። የቀረው የጸጉር ያህል ነበር።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» የሚል ድምፅ ከቁጥቋጦው ወጣ።

ሰይድ ነው። ጭቃ የነካው ቡላ ጋቢውን ለብሶ በእንብርክኩ ይሳባል። ነብሩ በሁለታችን መካከል መኖሩን አይቶ ነው ፉጨቱን አቁሞ ሊያስጠነቅቀኝ የመጣው። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሳሁ፤ በዚያችው ቅጽበት ነብሩ ከቋጥኙ ላይ ዘሎ ወደቀብኝ።

ክላሹ ከእጄ ወጣ። ግራ ክንዴን ነከሰኝ፤ አጥንቴ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሰይድ በዱላው ቢደበድበው አልለቅ አለ። ከዚያ ዱላውን ጥሎ መሣሪያዬን አነሳ። «ተኩስ! ተኩስ!» ብዬ ጮህኩ። አልተኮሰም። ጭንቅላቴ ከነብሩ ጀርባ ነበራ! አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ፣ አየ፣ አሁንም አንድ እርምጃ ጨመረ።

«ዝቅ በል!» አለኝ። ፊቴን ጭቃ ውስጥ ቀበርኩ። አፈሙዙን ነብሩ ጎድን ላይ አስጠግቶ አንዴ ተኮሰ።

አያ ደምሴ እየሮጠ ደረሰ። የነብሩን በድን ከላዬ ሲያነሱት ሽቦው እግሩ ሥጋ ውስጥ ጠልቆ ነበር። በጋቢው አድርገው እስከ መኪና መንገድ ተሸከሙኝ። መንገድ ላይ ሰይድ ጎንበስ ብሎ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ቅድም አንተ ስላልኩዎ አፉ ይበሉኝ» አለኝ።

ከሆስፒታል ወጥቼ፣ ክንዴ እንደታሰረ ቤቱ ሄድኩ። «ያን ዕለት ልገልህ ነበር። ምላጩን መሳብ ጀምሬ ነበር» አልኩት።

ልጁን ከጭኑ አውርዶ ወደ ውስጥ ሰደዳት። «አውቃለሁ። የአፈሙዙን ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ያን ቃል ያልኩት ነብሩን ፈርቼ መሰለዎ?»

ከዚያ ወዲህ ያን የኮራሁበትን አባባል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ነገ ከሚነሱት ቅርጾች አንዱ ዱላ የያዘ ሰው ነው። ስንተኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። እሱን የመታ፣ ሌላውን ሁሉ ቢያገባም ይወድቃል። ሕግ ያጠበቅሁት መስሏችሁ ታማርሩ ይሆናል፤ አማርሩ።

ክንዴ ድኗል። ጉም በወረደ ቁጥር ግን ይቺ ምላጭ የምትስበው የቀኝ ጣቴ ብቻዋን ትታጠፋለች፤ በሌላው እጄ ይዤ ነው የምዘረጋት።