የወይራዋ ውታፍና የእማማ ብርቄ እርጎ

ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አንድ ሚኒባስ አበላሸሁ። ያበላሸሁት ልጠግነው ብዬ ነው።

ከዚያ በፊት ላሊበላ ውስጥ የሆቴል ቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሎቹም እኔን ረሱኝ። ጋሽ ወንዴ የሚባሉ የጋራዥ ባለቤት "ካቻቢቴና ፒንሳ መለየት ከቻልክ ና" አሉኝና ረዳት መካኒክ ተብዬ ገባሁ። ረዳት ማለት ዕቃ በናፍጣ የሚያጥብ፣ ክሪክ የሚያቀብልና ሐሳብ የማይጠየቅ ሰው ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነበር፤ የሰጡኝ ቱታ ግን በዕድሜ ሳይበልጠኝ አይቀርም።

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሰማያዊ ሚኒባስ ዘይት ሊቀየርለት ተራ እየጠበቀ ቆሟል። ከአየር ማረፊያ ኤሲ ከፍቶ ገና መምጣቱ ነው። ከሥሩ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ይህን ድምፅ የሰማ ቧንቧ ሠራተኛ ምግብ አይወርድለትም። መኪናው ሥር ገባሁ። ከወለሉ በታች ብቅ ያለች ጥቁር የጎማ ቱቦ ናት የምታንጠባጥበው። ቀመስኩት፤ ንጹሕ ውሃ። "ይሄ ሁሉ መካኒክ ባለበት ግቢ ውሃ ሲፈስ የሚያይ ይጥፋ?" ብዬ ታበይኩ።

ከአጥሩ የወይራ እንጨት ቆርጬ ጠረብኩ። ቧንቧ ስንገጥም የምንጠመጥመውን ካናፓ የሚባል ቃጫ ዙሪያውን ጠመጠምኩበት። በጧፍ ሰም ለበጥኩት። ከዚያ ቱቦዋ አፍ ላይ አስገብቼ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግሁት። ጠብታው ቀጥ አለ።

"ጋሼ፣ የሚያፈሰውን መኪና አስቁሜዋለሁ" አልኳቸው። ጋሽ ወንዴ ጭንቅላታቸው የሌላ መኪና ኮፈን ውስጥ ነው። ቀና ሳይሉ "ጎበዝ!" አሉኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

በዓመቱ ኤሲ እንድማር ኮምቦልቻ ላኩኝ። አስተማሪያችን የአንድ መኪና ክሩስኮት፣ ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ፣ ፈትቶ ውስጡን አሳየን። "ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ በአየሩ ያለው እርጥበት ውሃ ይሆናል፤ የድስት ክዳን እንደሚያልበው ማለት ነው። ውሃው በዚህች ቱቦ ወደ ምድር ይወርዳል። ኤሲ ተከፍቶ ከሥሩ የሚያንጠባጥብ መኪና ጤነኛ ነው። ቱቦዋ ከተደፈነች ግን ውሃው ጋቢና ይገባል፤ ምንጣፍ ይሻግታል፤ ሽታው ሰው ያባርራል።" ቀጠለና "መቼም ሆን ብሎ የሚወትፋት ጅል አይጠፋም" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ላቤ ግን በጀርባዬ ወረደ።

ላሊበላ ስመለስ ሰማያዊውን ሚኒባስ አፈላለግሁ። "ሰቆጣ ተሸጧል" አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ለጋሽ ወንዴም ትንፍሽ አላልኩ።

እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ እኔም ዋና መካኒክ ሆንኩ። ኤሲ የሚነካ ሌላ ሰው ስለሌለ የሚሸት መኪና ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንዱ "ኤሲዬ የሞተ ይሸታል" ብሎ መጣ። ወንበሩን ባነሳው በፋሲካ የረሳው የበግ ቆዳ ሥሩ ተጠቅልሏል። "በጉን የበላው ኤሲው አይደለም ጌታው" አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ።

ባለፈው ጥቅምት፣ አርብ ጠዋት፣ ይርጋ የሚባል ሾፌር ነጭ ሚኒባስ ይዞ መጣ። መኪናዋን ከገዛ ዓመት አልሞላውም። በር ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። እርጥብ ጆንያ ሰነባብቶ ሲከፈት የሚሸተውን ታውቃላችሁ። መስታወቱ ላይ ጤና አዳም ተንጠልጥሏል፤ ከወንበር ሥር ከሰልና ሎሚ ተደርድሯል።

"ምን ሆነች?" አልኩት።

"የአማቴ እርጎ ነው፣ አያ ሲሳይ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ የልጁ ክርስትና ጊዜ አማቱን እማማ ብርቄን ከብልባላ አምጥቷቸዋል። ዝናብ ነበርና መስታወቱ ጉም እንዳይለብስ ኤሲ ከፍቷል፤ ለዓመታት ተበላሽቶ የኖረውን ኤሲ ያሠራው ሰኔ ላይ ኮምቦልቻ ነው። እሳቸው ጋቢና ተቀምጠዋል፤ ለድግሱ ያመጡት እርጎ በቅል ሆኖ እግራቸው ሥር ነው። ሲወርዱ ምንጣፉ ርሷል። ይርጋ እንግዳ በሞላበት "እማማ፣ እርጎዎ መኪናዬን አበላሸው!" አላቸው። ሴትዮዋ ቅሉን ከፍተው "ሙሉ ነው፣ እየው!" ቢሉት አልሰማ አለ። እህል ሳይቀምሱ በእግራቸው ሊሄዱ ተነሱ፤ ጎረቤት ነው ለምኖ በሌላ መኪና የሸኛቸው።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋ በሸተተች ቁጥር "የእናትሽ እርጎ!" ይላታል ሚስቱን ሰናይትን። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ። ሰናይት ከመስቀል በኋላ ልጇን አዝላ ብልባላ ገባች።

"እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል" አለኝ። "ሚስቴንና ልጄን ይዤ ካልተመለስኩ አለቀልኝ። እንዲህ እየሸተተች እንዴት ላሳፍራቸው?"

"እስከ ዛሬ ለምን አላመጣኻትም?"

"ኤሲው አሳምሮ ይቀዘቅዛል። ለእርጎ መካኒክ ይጠራል እንዴ?"

ምንጣፉን ገልጬ ስፖንጁን ስጫነው ውሃ አወጣ። የሐምሌ እርጎ በጥቅምት አይጨመቅም። ሞተር አስነስቼ ኤሲ ከፈትኩና ሩብ ሰዓት ጠብቄ ከሥሯ አየሁ። ደረቅ ነው። ተኝቼ ገባሁና ቱቦዋን በጣቴ ስዳስስ እንጨት ነካሁ። በፒንሳ ይዤ ሳብኩት። የተጠራቀመው ውሃ ፊቴ ላይ ተደፋ።

ዓይኔን ጠርጌ እጄን አየሁ። ወይራ፣ ካናፓ፣ የጧፍ ሰም። በሮቹ ጠርዝ ላይ ነጩ ቀለም ከተላጠበት ሰማያዊ ይታያል። ሰቆጣ ተሸጧል የተባለው ሚኒባስ ነው።

"ምን አገኘህ?" አለ ይርጋ ከላይ።

ውታፉን ኪሴ ከተትኩት። "ቆሻሻ ነው" አልኩ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ!

"አላልኩም! የረጋ እርጎ ነዋ! እሑድ መካኒክ ምስክር አለኝ እላለሁ!" ብሎ ዘለለ።

አሁን ደግሞ ባሰ። በእኔ ውሸት አሮጊቷ ሊፈረድባቸው ነው። "እሑድ አብሬህ እሄዳለሁ" አልኩት። ምስክር ልሆንለት መስሎት ጉልበቴን ሊስም ደረሰ።

ሁለት ቀን ሠራሁ። ክሩስኮቱን ፈታሁ፣ ፊልትሮውን ጣልኩ፣ ኤሲው ውስጥ ያለችውን ማቀዝቀዣ በሳሙና ውሃ አጥቤ በአየር ነፋሁ። ምንጣፉን ጣሪያ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት፤ ስፖንጁን ቀየርኩ። ቅዳሜ ማታ መኪናዋ ምንም አትሸትም። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ብልባላ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ቄስ ሞገስ ናቸው። እማማ ብርቄ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ሰናይት ልጇን አቅፋ ከኋላቸው ቆማለች። ይርጋ እንደ ደንቡ ይቅርታ ሊጠይቅ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ተንበረከከ። ድንጋዩን እንደተሸከመ ግን "ይቅርታ ልጠይቅ፤ እርጎው ግን ፈሷል። መካኒኩም ይመስክር!" አለ።

ተነሳሁ። "አባቶቼ፣ እርጎ አልፈሰሰም" አልኩና ስለ ድስቱ ክዳንና ስለ ቱቦዋ ነገርኳቸው። "ምድር መውረድ የነበረበት ውሃ ነው እግራቸው ሥር የፈሰሰው። መውጫው በዚህ ተወትፎ ነበር።" ውታፉን አወጣሁ።

ይርጋ አፉን ከፈተ። "ቆሻሻ ነው አላልከኝም?"

"ዋሽቼህ ነው።"

"ማን ወተፈው?" አሉ ቄስ ሞገስ።

ሰው ሁሉ ያየኛል።

"እኔ ነኝ አባ። ከሰባት ዓመት በፊት። ሥራ የጀመርኩ ዕለት።"

"አንተ?!" አለ ይርጋ። "ትዳሬን የወተፍክብኝ አንተ ነህ?"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ ቄስ ሞገስ። ድንጋዩን ከይርጋ ትከሻ አስነሱና ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይኼ የእሱ ብቻ አይደለም።" እኔም ተንበርክኬ ተሸከምኩ። የላስታ ድንጋይ ደግሞ ቀላል አይደለም።

እማማ ብርቄ ዞሩ። ውታፉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት። "ወይራ ነው" አሉ። "እኔ ቅሌን አጥቤ በወይራ የማጥን ሴትዮ፣ በወይራ ስሜ ይጥፋ?" ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፤ ሰናይት ልጇን እንዳቀፈች ተቀመጠች። ይርጋ ብቻ አልሳቀም። እግራቸው ላይ ወድቆ "እማማ፣ አላመንኩዎትም፤ አጠፋሁ" እያለ አለቀሰ።

"ተነስ፣ ልጄ" አሉት። "አንተም መካኒኩ፣ ድንጋዩን አውርድ፤ ወገብህ ተቆርጦ ሌላ ጣጣ እንዳታመጣብን።"

ከሰዓት በኋላ ሰናይት ልጇን ይዛ ከኋላ ተሳፈረች። እማማ ብርቄ ጋቢና ገቡ፤ በቅል እርጎ ይዘዋል፣ አሁንም እግራቸው ሥር አኖሩት። ይርጋ ቅሉን አይቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋላቸው። ሞተር አስነስቶ ኤሲ ከፈተ። እኔ ከመሳፈሬ በፊት ከቄስ ሞገስ ጋር ስሰነባበት ከመኪናዋ ሥር ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

"ኧረ መኪናዋ ታፈሳለች!" አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ጎንበስ ብሎም እንጨት ፈለገ።

"እንዳትነኳት!" ብዬ ጮኽኩ። እማማ ብርቄ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሲስቁ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተሰማኝ።

ውታፉ ዛሬ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅሏል። አዲስ ረዳት ሲገባ ሁለት ነገር እነግረዋለሁ። ውሃ ሲንጠባጠብ ካየህ፣ ከመወተፍህ በፊት ከየት እንደሚመጣ ጠይቅ። ከወተፍክ ደግሞ በዚያው ቀን ተናገር።