ቀኝ ጆሮዬና አፍንጫሙ መኪና

ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ አልመለስኩላትም። እናቷ ከኢታንግ መጥተው ከእኛ ጋር ይኑሩ ወይ ብላ ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ዝም አልኩ፤ እሷም ዝምታዬን እምቢታ አድርጋ ወሰደችው። እውነቱን ልናገርና አልሰማኋትም ነበር። አለመስማቴን ለማወቅ ደግሞ መኪና መቀየር ነበረብኝ።

ከጋምቤላ መቱ፣ ከመቱ ጋምቤላ ለአስራ አንድ ዓመት ጭነት ያመላለስኩት በደፍጣጣው ነው። ደፍጣጣ የምለው ጋቢናው ሞተሩ ላይ የተቀመጠውን፣ ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለውን ባለ ተሳቢ መኪና ነው። ሞተሩ በእኔና በተሳፋሪው መሃል፣ በቀኜ በኩል፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ለብሶ ጉብ ብሏል። ሾፌሩ የሚቀመጠው የፊት ጎማው ላይ ስለሆነ ጉድጓዱን ከጎማው እኩል ይቀምሰዋል። ሞተሩ ሲበላሽ ጋቢናው ወደ ፊት ይደፋል፤ አስቀድመህ ውስጡን ካላራገፍክ ጫማው፣ የውሃ ጀሪካኑ፣ ሙዙ ሁሉ መስታወቱ ላይ ይከመርልሃል። የጋምቤላ ሙቀት አልበቃ ብሎ ሞተሩም ከጎን ይቀቅልሃል። ቢሆንም እወደው ነበር። ከቡሬ ቁልቁል ስትወርድ የመንገዱን ጫፍ ከእግርህ ስር ታየዋለህ። ከተማ መሃል፣ ገበያው ጋ፣ ባጃጆቹ እንደ ጫጩት ሲራወጡ አንዱም ከዓይንህ አያመልጥም።

ባለቤቴ እዚሁ ጋምቤላ ነው የተወለደችው። አፏን የፈታችው በአኝዋክኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ከመቱ ድንችና ሽንኩርት እያመጣች ስለምትሸጥ ብዙ ጊዜ አብራኝ ትጓዛለች። በደፍጣጣው ውስጥ ወሬያችን ጩኸት ነበር። እሷ ትጮሃለች፣ እኔ “ምን?” እላለሁ፣ እሷ ትደግማለች፣ ሁለታችንም እንስቃለን። እዚያ ውስጥ ሳይጮህ የሚያወራ ስላልነበረ ጆሮዬን የጠረጠረ ሰው የለም። እኔም አልጠረጠርኩትም።

ደፍጣጣውን የምትጠላበት አንድ ምክንያት ብቻ ነበራት። ጉልበቴን እያየች “በእግርህና በሚመጣው መኪና መሃል ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው” ትለኛለች። “ለዚህ ነዋ የማልጋጨው!” እያልኩ አሾፍባት ነበር። እሷ ግን አትስቅም።

የመኪናው ባለቤት ከተማ መሃል ዱቄትና ዘይት በጅምላ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። አምና አፍንጫም መኪና ገዙ። ይሄኛው ሞተሩ ከፊት ነው፣ ከረጅሙ ኮፈኖ ስር፤ ሾፌሩ ከበስተኋላው ይቀመጣል። ቁልፉን ሲሰጡኝ ፊቴን አጨማደድኩ።

“ሐጂ፣ ይሄ እኮ እኔ ሳልደርስ አፍንጫው ይደርሳል።”

“አንተ ደግሞ ማማረር ትወዳለህ። ንዳው!” አሉኝ።

ምቾቱን መካድ አልችልም። የፊት ጎማው ራቅ ስለሚል ጉድጓዱ ወገቤ ድረስ አይመጣም። ኮፈኖውን ከፍተህ ሞተሩን ቆመህ ትሠራለህ፤ የሚደፋ ጋቢና የለም። ወለሉ ሜዳ ነው፣ ከወንበሩ ጀርባ አልጋ አለው። የቡሬ ጠመዝማዛ ላይ ግን አፍንጫው መንገዱን ይጋርድብኛል፤ የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች አንገቴን እያሰገግኩ በግምት ነው የወረድኩት። ባለቤቴ ኮፈኖውን መታ መታ አድርጋ “አሁን እግርህ ቤት አገኘ” አለች። ደስታዋን ሳይ መከራከሩን ተውኩት።

ከሁሉም የገረመን ጸጥታው ነበር። ለካ ባለቤቴ ያንን ጥያቄ ይዛ የምትጠብቀው እንዲህ ያለ ጸጥታ ኖሯል። እናቷ ኢታንግ ብቻቸውን ነበሩ፤ ጉልበታቸው ደክሞ ለውሃ እንኳ የጎረቤት እጅ ያያሉ። እንዲህ ያለ ነገር በጩኸት አይጠየቅም። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ሲጀምር፣ ቀስ ብላ፣ ስንት ቀን ባሰላሰለችው አማርኛ ጠየቀችኝ። እኔ ዓይኔን ከአፍንጫው ጫፍ ሳልነቅል ዝም ብዬ ነዳሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ቤታችን ቀዘቀዘ። ምግብ ታቀርባለች፣ “ብላ” ትላለች፣ በቃ። ምን አጠፋሁ ብሎ መጠየቅ የአባት ነበር። እኔ ግን ኩራቴ አይጣል ነው፤ ካኮረፈችማ እኔም አላንስም ብዬ አብሬ አኮረፍኩ።

አንድ ቀን ከመቱ ስንመለስ ጋምቤላ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን አቆምኩ። ሞተሩን አጥፍተን ማንጎ ዛፍ ስር ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ሳንነጋገር ማንጎ እንበላለን። ሐጂ ደወሉ። ስልክ የማነሳው ሁልጊዜ በግራ እጄ ነው፤ ያን ቀን ግን ግራ እጄ እስከ ክርኑ ማንጎ ሆኗል። በቀኜ አንስቼ ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

“ሃሎ? ሃሎ፣ ሐጂ! ኔትወርክ የለም!” ብዬ ዘጋሁት። ደግመው ደወሉ። “ኔትወርክ የለም እኮ!”

ባለቤቴ መብላቷን አቆመች። “ሐጂ ‘ዘይቱን መጀመሪያ አራግፍ’ እያሉህ ነው። እኔ እዚህ ሆኜ ሰማኋቸው።”

ተነሥታ በቀኜ ዞረች። አፏን ጆሮዬ ላይ አስጠጋች፤ ሞቅ ያለ ትንፋሿ ተሰማኝ፣ ቃሏ ግን አልደረሰኝም። ዞሬ ሳያት ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

“ስለ እናቴ ስጠይቅህስ? ሰምተኸኝ ነበር?”

“ስለ እናትሽ ምን ጠየቅሽኝ?”

ማንጎ ባጨማለቀው እጇ ትከሻዬን መታችኝና አለቀሰች። “ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠላሁህ እኮ!” አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያዘንኩላት የለም። እናትሽ እናቴ ናቸው፣ ነገውኑ እናምጣቸው አልኳት። እሷ ግን ቀድማ “አልፈለገም” ብላ ለእናቷ መልእክት ልካ ነበር። አንድ ነገር ለመንኳት፤ ደፍጣጣው ስለበላው ቀኝ ጆሮዬ ለማንም እንዳትናገር። ለደንቆሮ ሾፌር ማን ቁልፍ ይሰጣል?

በሳምንቱ ሐጂ ኢታንግ ላለ ሱቅ ዱቄት ሲልኩ እሳቸውም አብረውን መጡ። ዱቄቱ እስኪራገፍ ባለቤቴ ሄዳ እናቷን ይዛቸው መጣች። ሴትዮዋ ጥቅላቸውን አቅፈው በተከፈተው የቀኝ በር ስር ቆሙ፣ አልወጡም። መሪው ላይ ላለሁት ለእኔ ቀና ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ከንፈራቸውን አየሁ እንጂ ድምፃቸው አልደረሰኝም። ሐጂ አጠገባቸው ቆመው ያዩኛል። ባለቤቴ በእኔ ፈንታ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ እናቷ ግን በእጃቸው ከለከሏት። ከእኔ አፍ ነው የፈለጉት።

ራሴን ነቅንቄ ማለፍ እችል ነበር። ስንት ጊዜ እንደዚያ አልፌያለሁ! ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ፤ አፍንጫውን ዞሬ ፊታቸው ቆምኩ።

“እማማ፣ ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም” አልኳቸው፣ ሐጂ እያዩኝ። “በግራዬ ይንገሩኝ።”

ጎንበስ አልኩ። በእጃቸው ጆሮዬን ይዘው በቀስታ፣ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቁኝ፤ “ልጄ ብቻ ነው የፈለገ? ወይስ አንተም?”

“እኔም!” አልኩ። ጮኼ ኖሮ ዱቄት የሚያወርዱት ሁሉ ዞረው አዩን።

ሐጂ በግራዬ ዞረው “በል፣ ንዳው!” አሉኝ። የሴትዮዋን ጥቅል ተቀብለው ወደ ጋቢናው አስገቡና፣ እማማ ሲወጡ ክንዳቸውን ያዙላቸው።