ሁለት ሥርዓት በአንድ ኮምፒዩተር

ነገሩ የሆነው በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ ንፋስ ስልክ አካባቢ በአንድ የመንግሥት ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ስሠራ ነው። ዛሬም ስብሰባ ላይ ተናገሪ ስባል እምቢ የምለው በዚያ ሰበብ ነው።

ለመላው ፋብሪካ አንዲት ኮምፒዩተር ነበረችን። አቧራ እንዳይነካት የዳንቴል ልብስ ተሠርቶላት ነበር። የምነካትም እኔ ብቻ ነኝ። በውስጧ የነበረው ማሽኗን የሚያሠራው ዶስ የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲሆን፣ አማርኛ የምንጽፍበት ፕሮግራምም እሱ ላይ ነበር። በኋላ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተላከልን፤ የምርት ሪፖርት በእሱ ይሁን ተባለ። አዲሱ ግን አማርኛ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ የመጣው ባለሙያ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጫነልኝ። ማሽኗ ስትበራ የቱን ላስነሣ ብላ ትጠይቃለች። አዲሱ የአሮጌውን ፋይሎች እየተዋሰ ይሠራል። ከእኛ ይልቅ እነሱ ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

አንድ ሰኞ በውይይት ክበብ ላይ ካድሬያችን ጓድ ታምራት ተነሣና፣ «ጓዲት፣ ስለ ኮምፒዩተሩ ለሠራተኛው አስረጂ። በንጹሕ አማርኛ! ፈረንጅ ፈረንጅ የሚሸት ቃል እንዳልሰማ» አለኝ። እሱ ራሱ «ፊውዳል» እና «ቢሮክራሲ» ሳይል ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ግን ማን ደፍሮ ይንገረው!

«ሲስተም» የሚለውን «ሥርዓት» ብዬ ተረጎምኩት። ምን ላድርግ፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«ጓዶች» አልኩ ኮራ ብዬ፣ «እኛ ጋ ሁለት ሥርዓት ነው ያለው። አዲሱ ሥርዓት ብዙ ነገር ይጎድለዋል። ስለዚህ አሮጌውን ሥርዓት አላጠፋነውም። ውስጥ ተቀምጧል፤ በፈለግን ጊዜ እናስነሣዋለን።»

አጠገቤ የተቀመጡት ጸሐፊያችን እትዬ ብርቄ ቆነጠጡኝ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው። ክው አልኩ! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ሰው ከቤቱ ተወስዶ ይቀር ነበር፤ የእኔ ልጅ ደግሞ ገና ጡት አልጣለችም።

«ውስጥ ተቀምጧል?» አለ ጓድ ታምራት ፊቱን አጥቁሮ።

«የኮምፒዩተሩን ማለቴ ነው፣ ጓድ!»

«ኮምፒዩተሩስ የማነው? የሰፊው ሕዝብ አይደለም?»

እዚያው ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ። አሮጌውን ሥርዓት በጉያዬ ይዤ መቆየቴ ከባድ ጥፋት ነው አልኩ። ጭብጨባ! «አሮጌው ሥርዓት ይደምሰስ!» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እጃቸውን ካወጡት መሀል ኮምፒዩተሯን በዓይኑ ያያት ሰው መኖሩን እንጃ።

በነጋታው ጓድ ታምራት መጥቶ ከጀርባዬ ቆመ። «ጓድ፣ እሱ ሲጠፋ እኮ እላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ...» ብዬ ስጀምር፣ «ማንገራገር የለም!» አለ። ደመሰስኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ከች አለ። ለአብዮት በዓል የሚያነበውን ንግግር ፈልጎ ነው፤ ኮምፒዩተር ላይ ያስጻፈው ሰው ይየኝ ብሎ ነበር።

«የአማርኛው ሁሉ ከአሮጌው ሥርዓት ጋር ተደምስሷል፣ ጓድ» አልኩት።

ላብ አጠመቀው። በዓሉ ላይ ከበላይ አካል ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። በሩን ገርበብ አደረገና ጎንበስ ብሎ፣ «እባክሽ እህቴ፣ ያንን ነገር መልሺው» አለኝ በሹክሹክታ። እህቴ! ጓዲትነቴ የት ገባ?

የሁሉም ቅጂ በዲስኬት ተገልብጦ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ግን እንዲህ በቀላሉ? ወይ ፍንክች!

«የቱን ነገር፣ ጓድ?»

«ያንን አሮጌውን።»

«አሮጌውን ምን? ኋላ እኔ ላይ እንዳይመጣ እትዬ ብርቄም ይስሙልኝ።»

እትዬ ብርቄ መተየባቸውን አቁመው ቀና አሉ። ሰውዬው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየና ንድድ ብሎት ጮኸ።

«አሮጌው ሥርዓት ይመለስ! ይኸው፣ ሰማችሁ?»

መለስኩለት። በበዓሉ ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ «አሮጌው ሥርዓት ላይመለስ ተደምስሷል!» ሲል እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

አሁን ሳወራው ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ግን ያንገበግበኛል። እኔ አንዲት ቃል አምልጣኝ ልጄን ማን ያሳድግልኛል እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩ። እሱ ያንኑ ቃል አፉን ሞልቶ ተናገረና ምሳውን ሊበላ ሄደ።