በአደራ የተያዙ ጥርሶች

አክስቴን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ስለሚወጋ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። መስኮቱ ወደ መንገድ በሚከፈት አንድ ክፍል ውስጥ፣ አፏን በስፒል ሞልታ፣ በስፒሎቹ መሃል ለመሃል ደንበኞቿን እየተቆጣች ኖረች። መቀስ ነበራት፤ በጥብጣብ ታስሮ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ክር ግን በመቀስ ቆርጣ አታውቅም። በጥርሷ ነበር የምትበጥሰው። «መቀስ አንስቼ እስካስቀምጥ ሌላ እጅጌ አልጨርስም?» ትላለች።

የራሷ ጥርሶች በዚህ ሥራ አልቀው ሲረግፉ አርቴፊሻል ጥርስ ተሠራላት። ሐኪሙ በዚህኛው ክር እንዳትበጥስ አጥብቆ አስጠነቀቃት። እሺ ብላ ወጣችና ቤት ሳንደርስ ከኮቴ ቁልፍ ላይ የተንጠለጠለ ክር በጠሰችበት። እያደር የላይኛው የፊት ጥርሷ ላይ አንድ ክር ልክክ ብሎ የሚገባበት ቀጭን ቦይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ስ» ያለበት ቃል ስትናገር ትንሽ ፉጨት አብሮ ይወጣል። ስትቆጣ ፉጨቱ ይቀጥናል። ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች፣ ኮሪደር ላይ ሆኜ ፉጨቱን በመስማት ብቻ መግባት ወይም መመለስ እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ስለ እሷ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። አክስቴ ዘንድ የተተወ ልብስ አይጠፋም። አንዱ ደንበኛዋ ሱሪ አሳጥሪልኝ ብሎ ሰጥቷት እንደ ወጣ ቀረ። ሱሪውን በጋዜጣ ጠቅልላ ዓመታት አስቀመጠችው፤ ብል እንዳይበላው በየጊዜው እያወጣች ታራግፈዋለች። በመጨረሻ የሰውየው ልጅ መጥቶ ሲለካው አጠረው። ተቀምጣ ያሳጠረችውን መልሳ አስረዘመችለት፤ እየተሳደበች።

ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር የእኔ ቤት ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ መጦሪያ ቤት ገባች። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ግቢው አበባ ነው፣ ወለሉ ፊት ያሳያል። ሥራ አስኪያጁ ክራባት የማይለየው፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ለጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ አለው። ብርድ ልብሱ ሳሳ ብላ ብትነግረው «እርጅና ነው እማማ፣ ሰውነት ብርድ መቋቋም ያቅተዋል» አላት። የክፍሏ አምፖል ተቃጥሏል ብትለው «ዓይን ነው እማማ። እርጅና ነው» አላት።

መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ የአንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ነበር። ግዙፍ ሴት ናት፤ ሰው ሠራሽ ጥርሶቿም እንደ እሷው ትልልቅ። ስትስቅ ሦስተኛው ክፍል ድረስ ይሰማል። ዘመድ የላትም። እሷና አክስቴ በሁለት ቀን ውስጥ ተጣልተው፣ ታርቀው፣ አንድ ብርድ ልብስ ተካፈሉ። ከዚያ አዋላጇን ትኩሳት ያዛትና ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰዷት። ወደዚያ የሚያወጣው ሊፍት ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ ኪስ ውስጥ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ዳሌዋ ለተሰበረ ሰው የሚታሰብ አይደለም፤ እኔንም ዘመድ አይደለህም ብሎ ከለከለኝ።

የሳፋው ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሥራ አስኪያጁ ወጪ ለመቀነስ ሁለቱን አስታማሚዎች አሰናብቶ ፎቁን በሙሉ ለአንዲት ልጅ ጣለባት። ልጅቷ የቱን ይዛ የቱን ትተው? ጊዜ ለመቆጠብ የሽማግሌዎቹን ጥርስ ሁሉ፣ ወደ ላይ የተወሰዱትንም ጭምር፣ ሰብስባ አንድ ሳፋ ውስጥ ከተተች፣ በሳሙና እንደ ማንኪያ አጠበች፣ ከዚያ አደለች። የማን የማን እንደሆነ ሲጠይቋት «ጥርስ ያው ጥርስ ነው፣ ይለመዳል» አለች።

አክስቴ የደረሷትን ስታደርግ አፏ አልገጥም አለ። መስታወት ብታይ ማን እንደሳቀባት ወዲያው አወቀች።

«ይሄ የአዋላጇ ነው» አለችው ሥራ አስኪያጁን። «ውሰድላት።»

«ላይ ያሉት ጥርስ አያስፈልጋቸውም እማማ። ምግብ አልቀበልም ብለዋል፣ መናገርም ትተዋል። እርጅና ነው።»

«ያለ ጥርስ ዳቦ ብትሰጧት በምኗ ትቀበል?»

ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጎላት ሄደ። እንደዚያ ቀን ተናዳ አይቻት አላውቅም። ችግሩ ንዴቷን ማንም አለማየቱ ነው፤ በእነዚያ ትልልቅ ጥርሶች ምክንያት ቀኑን ሙሉ ፈገግ ያለች ትመስላለች። አልቅሳ እንኳ የምትስቅ መሰለች። ድዷ ቆሰለ። አውልቂው ብላት አሻፈረኝ አለች። «የሰው አደራ ነው። ከአፌ ካወጣሁት ሳፋ ይገባል፣ ከሳፋው የማን አፍ እንደሚገባ ማን ያውቃል?» ራሷ አጥባ ራሷ መልሳ ታደርገዋለች። ማኘክ ስለማትችል በሾርባ ኖረች። መርፌ የነበረችው ሴት ክር አከለች።

ይህን ጊዜ ነው ፎቶ አንሺ የመጣው። መጦሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሊያሠራ ኖሮ፣ ከነዋሪው ሁሉ ፊቷ የሚፈካ እሷ ብቻ ሆና ተገኘች። ፎቶ አንሺውን እየሰደበች ሳለ ነው ያነሳት። በሳምንቱ «ደስታ በእርጅና ዘመን» የሚል ጽሑፍ የተጻፈበት ትልቅ ፖስተር በሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ መስመሬ በዚያ በር ነው የሚያልፈው። አክስቴ በተመላለስኩ ቁጥር ትስቅብኛለች። ተሳፋሪዎቼ ሹፌሩ ለምን ከግድግዳ ጋር እንደሚጣላ ግራ ገብቷቸዋል።

ክሰስ አለችኝ፤ ከሰስን። ጠበቃችን የጎረቤት ልጅ ናት፤ የምረቃ ልብሷን የሰፋችላት አክስቴ ነበረች። ልጅቷ እንዲህ አስረዳችን። የአዋላጇ ዘመድ ስላልሆንን በእሷ ስም መክሰስ አንችልም። ነገር ግን ቤቱ በቸልተኝነት ጥርስ ማቀያየሩን በአክስቴ ጥርስ ካስረዳን፣ ዳኛዋ ላይኛውን ፎቅ ጭምር ሄዳ ልታይ ትችላለች።

«የእኔ ጥርስ ገደል ይግባ» አለች አክስቴ። «ያቺ ሴት በረሃብ ሳትሞትብኝ ዳኛ እዚያ ፎቅ ይውጣልኝ።»

በቀጠሮው ቀን የመጦሪያ ቤቱ ጠበቃ ሰፊ ካባውን ለብሶ መጣ። በካባው እጅጌ ጫፍ ላይ ጣት የሚያህል ክር ተንጠልጥሏል። አክስቴ ከገባች ጀምሮ ዓይኗን ከዚያ ክር አልነቀለችም። ጠበቃው ፖስተሩን ዘረጋና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ የተበደለ ሰው ፊት ነው?» አለ።

ዳኛዋ ፖስተሩን አየች፣ አክስቴን አየች። አክስቴ በንዴት ጦፋ፣ እስከ ጆሮዋ ፈገግ ብላለች።

«እማማ፣ ለምን ይስቃሉ?»

«አልሳቅሁም። ተናድጄ ነው።»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ሥራ አስኪያጁ ተጠየቀ፤ እርጅና ነው አለ። ስለ መክሳቷ ተጠየቀ፤ እርጅና ነው አለ። ከዚያ ምስክሩን አስጠራ፤ አንድ ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ። ሽክ ያለ፣ ጉንጩ የሞላ ሽማግሌ ነው። ስለ ምግቡ እንዲያስረዳ ተጠየቀ።

«ስለ ምግቡማ ስናገር ደስ እያለኝ ነው» አለ። «ስጋው ሳይቀር ስልቅጥ ነው።»

በእያንዳንዱ «ስ» ላይ ፉጨት ወጣ። እኔ አክስቴ የተናገረች መስሎኝ ዞር አልኩ። አፏ ተዘግቶ፣ ማለቴ የቻለውን ያህል ተዘግቶ፣ ሰውየውን አፍጥጣ ታየዋለች። ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለች፣ «የሚመሰክርብኝ የገዛ ጥርሴ ነው።»

ጠበቃው ተቃወመ። ጥርስ ሁሉ ይመሳሰላል፣ ስም አልተጻፈበትም አለ። ፀጉር አስተካካዩ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። «እኔ የደረሰኝን ነው ያደረግሁት። እንዲህ ተመችቶኝ በልቼ ስለማላውቅ ዝም አልኩ» አለና አውልቆ ብርጭቆ ውስጥ ከተተው። ጉንጩ ወዲያው ጎደጎደ። «የእኔሽ ታዲያ የት ሄደ?» ብሎ በባዶ ድዱ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን አየ።

አክስቴ ፊቷን አዙራ ትልልቆቹን ጥርሶች አወጣች፣ በንጹሕ መሐረብ ጠቀለለች፣ ለእኔ ሰጠችኝ። የራሷን በጠርሙስ ውሃ ደጋግማ አጥባ አደረገች። ልክክ አለ። ከዚያ ባላጋራችንን ጠበቃ በጣቷ ጠራችው።

«ና እስቲ ልጄ። እጅጌህን ስጠኝ።»

ሰውየው ወደ ዳኛዋ ተመለከተ። «ይቅረቡ» አለችው ዳኛዋ። እጁን ሰጠ። አክስቴ ክሩን ቦዩ ውስጥ አስገባች፣ ራሷን ትንሽ ዘንበል አደረገች፣ ክሩ ጠብ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ያስጨነቃት ነገር ስለነበር እፎይ ብላ እጅጌውን አስተካከለችለት። ዳኛዋ ጠጋ ብላ ቦዩን አየችና ለአፍታ ወደ ግድግዳው ዞረች። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅሯል፤ የሳቅ እንባ ነበር።

«መሐረቡ ውስጥ ያለውስ የማን ነው?» አለች።

አክስቴ ቀልዱ ሁሉ ጠፋባት። «ላይኛው ፎቅ ያለች ሴት ናት ባለቤቱ። በሕይወት ቆይታ ከሆነ።»

«እርጅና…» ብሎ ጀመረ ሥራ አስኪያጁ።

«የሊፍቱን ቁልፍ ይዘዋል?» አለችው ዳኛዋ።

ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ፣ ጸሐፊው፣ ሁለቱ ጠበቆች፣ ሥራ አስኪያጁ፣ እኔና አክስቴ በተሽከርካሪ ወንበሯ አንድ ጠባብ ሊፍት ውስጥ ታጨቅን። የላይኛው ክፍል መጋረጃው ተዘግቷል። ኮመዲኖው ላይ ያልተነካ የደረቀ ዳቦ በሳህን ተቀምጧል። አልጋው ላይ ግዙፏን ሴት ፈለግሁና አጣኋት፤ አንሶላው ሥር ያለችው ልጅ የምታክል ሰው ነበረች። አለቀስኩ። አክስቴ አላለቀሰችም። መሐረቡን ፈታች፣ ጥርሶቹን በውሃ አለቀለቀች፣ እጇ ላይ አኖረችላት።

«አደራሽን ተረከቢኝ» አለቻት። «አፌን አበላሽተሽዋል።»

አዋላጇ ቀስ ብላ አደረገቻቸው። ድዷ ስለሳሳ በአውራ ጣቷ ደግፋ ያዘቻቸው። ዳኛዋ አልጋው ላይ ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ ለፍርድ ቤቱ የሚናገሩት ነገር አለ?»

«ክብርት ዳኛ፣ መናገር ካቆሙ ቆይተዋል» አለ ሥራ አስኪያጁ ፈጠን ብሎ። «እርጅ…»

«አለኝ» አለች አዋላጇ። ድምጿ ኮሪደሩን የሚያቋርጥ አልነበረም፤ ሁላችንም ግን ሰማን። «ብዙ አለኝ። መጀመሪያ ግን ልብላ።»

ዳኛዋ ሥራ አስኪያጁን ራሱን ወደ ማዕድ ቤት ላከችው። ትኩስ ሾርባና ለስላሳ ዳቦ ይዞ፣ ክራባቱ ሾርባው ውስጥ እየተነከረ ተመለሰ። ዳኛዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ጸሐፊው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ፍርድ ቤቱ ይጠብቃል» አለች።

እስክትጠግብ ድረስ ጠበቅን።