ያልተበላሸው ሞተር

ባሌ ውብሸት ነዝናዛ ነበር። የሚነዘንዘው ግን ዕቃን ነው። አሰብ ወደብ ላይ የክሬን ኤሌትሪሺያን ሆኖ ሲሠራ ቤታችን ውስጥ ከእጁ የተረፈ ዕቃ የለም። አንድ ነገር «ተበላሸ» ካልኩት ይቆጣል። ዝም ብሎ ተበላሸ አይባልም፤ ምን ፈልገሽ ነበር፣ ምን አገኘሽ፣ የጎደለው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂ ይለኛል። እኔም የጎደለኝ ባል ነው እለውና ይስቃል።

እንደሱ ያለ ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነበር፤ የሥራ ጓደኛውና ጎረቤታችን ፈረጅ፣ የአፋር ልጅ። የሰፈራችንን ውሃ ከጉድጓድ ወደ ታንከር የሚስበውን ሞተር የሚያስነሳው ዘበኛው ነበር። አስነስቶ ይረሳውና ውሃው ሞልቶ መንገድ ለመንገድ ይፈሳል። ሌላ ቀን ደግሞ ሳያስነሳው ይውልና በዚያ ሐሩር ሰፈሩ በሙሉ ባዶ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ሁሉም ዘበኛውን ሲሰድብ ሁለቱ ታንከሩ ላይ ወጡ። አፉ የታሸገ ባዶ ጀሪካን ውሃው ላይ አንሳፈው በገመድ ከሞተሩ ማብሪያ ጋር አገናኙት። ውሃው ሲሞላ ጀሪካኑ ከፍ ብሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ሲጎድል ወርዶ ገመዱን ይስብና ያስነሳዋል። ትንሽ በተቀዳ ቁጥር እየተነሳ እንዳይቃጠል፣ ታንከሩ እስከ ግማሽ ካልጎደለ ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። የውሃው ልክ ከታች እንዲታይም ከጎኑ ነጭ የላስቲክ ቱቦ ሰቀሉ።

እንግዲህ ራሱን ቻለ በሉኛ ስላቸው ሳቁብኝ። የባሕሩ ጨው ማብሪያውን ይበላዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍገው ሰው ከሌለ ራሱን የሚችል ነገር የለም አሉኝ። ፈረጅ ከጁምዓ መልስ ይወጣና ይፈገፍገዋል፤ ሚስቱ ሁሪያ ከታች ቆማ ትወድቃለህ እያለች ትጮህበታለች።

ግንቦት 1990 ጦርነቱ መጣ፤ እኛም መውጣት ግድ ሆነብን። ፈረጅ ሻንጣችንን ተሸክሞ እስከ ጭነት መኪናው ሸኘን። ውብሸት የቀረውን ብርጭቆ ወረቀት ሰጠው።

«ውቤ፣» አለ ፈረጅ፣ «ሞተሩ ይሠራል ካሉህ፣ እኔም ልጆቼም አለን ማለት ነው።»

አዲስ አበባ ገብተን ኮልፌ ቤት ተከራየን። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክም ደብዳቤም የለም። ባሌ ከአሰብ መጣ የተባለ ሰው ጋ ሁሉ እየሄደ ስለ ሞተሩ ይጠይቃል። ጎረቤት ባልሽን ነካ አድርጎታል እንዴ ይለኛል። አፋቸውን ይያዙ፣ ምን ያውቃሉ! እሱ የሚጠይቀው ስለ ፈረጅ ነው።

በዓመቱ እዚያው ቀርቶ የነበረው ሹፌር ይልቃል በጅቡቲ ዞሮ መጣ። በሰፈራችን አልፎ ነበር። ሞተሩ ድምፁ የለም፣ የተበላሸ ይመስለኛል አለን። እኔ ክው አልኩ፤ ውብሸት ግን አልደነገጠም። ጨው በልቶት ነው፣ ፈረጅ ወረቀቱ አልቆበት ይሆናል አለ። ከዚያ ቱቦው ላይ ውሃው የት ድረስ እንደሚታይ ጠየቀው።

«እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ ጋሽ ውብሸት። እንዲያውም ፊቴን ታጠብኩበት።»

እሰይ፣ ሙሉ ከሆነማ ደግ ነው አልኩ እኔ ሞኟ። ባሌ ቀስ ብሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«አልተበላሸም፣ ጥሌ፣» አለኝ። «የሚቀዳ ሰው ነው የሌለው።»

ሁሪያ ጠዋት ጠዋት ሁለት ጀሪካን ትቀዳ ነበር። ልጆቿ ማታ ማታ እዚያው ቧንቧ ሥር ይታጠባሉ። ባሕሩ ዳር ወዳለችው ወደ ዒድ ከተማ፣ ወደ ዘመዶቻቸው ሄደው ይሆናል አልኩት። የት እንደደረሱ እኔ ምን አውቄ፤ ላጽናናው ብዬ ነው። አልሰማኝም። ተበላሸ የሚለውን ቃል በቤቱ የማይወደው ሰው፣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ «ምነው ተበላሽቶ በነበረ፣ ምነው ተበላሽቶ በነበረ» እያለ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ከአሰብ ሰው መጣ ሲባል ሄዶ አያውቅም።