ለእንግዳ ያስቀመጥኩት ብሩሽ

ሸዋ ሮቢት ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ አንድ ባልዲ፣ ሁለት ጨርቅ፣ አንድ የጎማ መጥረጊያና አንድ ብሩሽ ነው። ፈርሜ ተረከብኩ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ክፍሌ ፊርማዬን አይተው «የተማረች ናት» አሉና ሳቁ። ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ መስኮት ላጥብ መምጣቴ ነው ያሳቃቸው። እኔ አልሳቅሁም።

አለቃዬ እትዬ ዘሐራ ነበሩ፤ የጽዳት ኃላፊዋ። የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ። የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጡኝ ፀሐይ ሳትወጣ ነው። የይፋት ፀሐይ ከወጣች ሳሙናው መስታወቱ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ቢስሚላህ ብትዪም አይለቅም አሉኝ። መጀመሪያ አቧራውን በውኃ ማውረድ፤ ቀጥሎ ብሩሽ በሳሙና፣ ከላይ ወደ ታች፤ ከዚያ ጎማው፤ ጠርዙን በጨርቅ፤ መጨረሻ በጋዜጣ። ይህን ቅደም ተከተል እስከ ዛሬ አልለወጥኩትም።

ሥራው ከባድ ነው አልልም። አሰልቺ ነው። ሆቴሉ አውራ ጎዳናው ዳር ስለሆነ ከአሰብ የሚመጣ ከባድ መኪና ሁሉ በራችን ላይ ይቆማል፤ አቧራውንም እኛው ላይ ያራግፋል። ጠዋት ያጠብኩት መስታወት ለምሳ ጠይም ሆኖ ይጠብቀኛል። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መርጋት አልወድም። በመጀመሪያው ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ትቼ ልሄድ ተነሥቻለሁ። እትዬ ዘሐራ አያባብሉኝም። «ሂጂ፤ መሰላሉን ግን ቦታው መልሺ» ይሉኛል። መሰላሉን ተሸክሜ ግቢውን ዞሬ ስመጣ ንዴቴ አልፎ ይገኛል።

አቶ ክፍሌ ዘንድ ሕግ ነበረ። አሮጌው ብሩሽ ሳይመለስ አዲስ አይወጣም፤ አሮጌውም የሚመለሰው ጠጉሩ አልቆ እንጨቱ ሲታይ ነው። ብሩሹን ወደ ብርሃን አንሥተው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩታል። ጥቂት ጠጉር ካገኙ «ይሄማ ገና ጎረምሳ ነው» ብለው ይመልሱልሻል። እኔ ብሩሽ በማቆየት አንደኛ ነበርኩ። ለሌሎቹ ልጆች «ከእሷ ተማሩ» ይሉልኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ደምሴ ሰበሰቡን። ከጠቅላይ ግዛቱ አንድ ትልቅ ሹም ወደ ደሴ ሲያልፉ እኛ ዘንድ ምሳ ይበላሉ አሉ። ለዚህ ሲባል አሮጌው ሳይጠየቅ ለእያንዳንዳችን አዲስ ብሩሽ እንዲሰጠን አዘዙ። ጊዜው ሁለት ሳምንት ነበር።

እኔ አዲሱን ብሩሽ በወረቀት ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ያደግሁት እንዲህ ነው። አዲስ ነጠላ ለጥምቀት፣ አዲስ ብርጭቆ ለእንግዳ ይቀመጣል፤ በአዘቦት ቀን አዲስ ነገር የሚነካ ሰው አባካኝ ይባላል። ሹሙ የሚመጡ ዕለት ጠዋት ላወጣው አስቤ በአሮጌው ቀጠልኩ።

የአሮጌው ጠጉር ጫፉ ወደ ጎን ተኝቷል። ጠጉሩን ይዞ የነበረው ሽቦም በአንድ ጠርዝ በኩል ብቅ ብሏል። አላየሁም ብል ውሸት ነው፤ አይቼዋለሁ። አላጸዳ ሲለኝ ጫን አልኩት።

የጫንኩት የምግብ አዳራሹ ትልቁ የመስኮት መስታወት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በጭድ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና የመጣ ነው። ጋሼ ደምሴ የጣርማ በርን ቁልቁለት ሳይሰበር እንዴት እንደወረደ ለመጣ ለሄደው ይተርካሉ። እንግዳው ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በጎን ስትመታው፣ መስታወቱ ከግራ ወደ ቀኝ ድመት የቧጠጠችው መስሎ ታየ። ጋሼ ደምሴ አልጮሁም። ጣታቸውን ጭረቱ ላይ አሂደው ብሩሼን አስመጡኝ።

«ያለሽ ይሄ ብቻ ነው?»

«አዲስ አለኝ።»

«የታለ?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ። ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለእንግዳው።»

«እንግዳው የሚመጡት መስኮት ሊያጥቡ ነው እንዴ?»

ከዚያ፣ ሹሙ ካለፉ በኋላ ንብረት እንዳስረክብ አዘዙኝ። ማስረከብ ማለት መባረር ነው። ከተባረርኩ የምመለሰው አጣዬ ወንድሜ ቤት ነው፤ እዚያ የሚጠብቀኝ ደግሞ ሥራ ሳይሆን ወንድሜ የመረጠልኝ ባል ነበር። ያን ጊዜ ነው ሦስቴ ልተወው የተነሣሁትን ሥራ እንደምፈልገው ያወቅሁት።

ሹሙ መጡ። ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ተቀመጡ፣ በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሄዱ። አንዴ እንኳ ዞር ብለው አላዩትም።

በማግስቱ ጋሼ ደምሴ እኔን፣ እትዬ ዘሐራንና አቶ ክፍሌን ቢሮ ጠሩን። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ዘሐራ ናቸው።

«ጋሼ ደምሴ፣ የልጆቹን ብሩሽ በየጠዋቱ ማየት የእኔ ሥራ ነበር፤ አላየሁም። ይቺን ካባረሯት የምትተካት ልጅ ሌላ መስታወት ላይ ትማራለች። ይቺ እኮ ተምራለች።»

ጋሼ ደምሴ እኔን ምን ትያለሽ አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም፤ ጠጉር እስካለው ብሩሽ ደህና ነው ያሰኘኝ የአቶ ክፍሌም ሕግ ጥፋት አለበት ብዬ ጨመርኩ። አቶ ክፍሌ ተቆጡ። ጠጉር ያለውን ብሩሽ ልጣል ወይ ብለው ለጋሼ ደምሴ አቤት አሉ።

እትዬ ዘሐራ አሮጌውን ብሩሽ በሩ ላይ በነበረው ባልዲ ውስጥ ነከሩና ለአቶ ክፍሌ ዘረጉላቸው። «እስቲ ጉንጭዎ ላይ ያሳልፉት» አሏቸው።

አቶ ክፍሌ ጠዋት የተላጨ ጉንጫቸው ላይ አሳለፉት። ፊታቸው ተጨማደደ።

«ይቧጥጣል» አሉ።

«መስታወቱም ይሄንኑ ነበር የሚለው፤ አፍ የለውም እንጂ።»

ጋሼ ደምሴ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑት። ሥራዬ ተረፈ። ሕጉም ተለወጠ፤ ብሩሽ የሚመለሰው ጉንጭ ሲቧጥጥ ሆነ። የተመለሰውም አይጣልም፤ ወለል ይፈተግበታል፣ ከዚያም የቦይ ማጽጃ ይሆናል። አቶ ክፍሌ ከዚያ ወዲህ አዲሱን ብሩሽ እንኳ ጉንጫቸው ላይ ሳያሳልፉ አይሰጡም።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው። እትዬ ዘሐራ ጉልበታቸው ደክሞ አገራቸው ገብተዋል፤ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። የእሳቸው ያልሆነ ጥፋት ግማሹን ስለተሸከሙልኝ አመሰግናቸዋለሁ። ጋሼ ደምሴንም፣ ሰምተው ሥራዬ ላይ ስላቆዩኝ። አቶ ክፍሌንም ቢሆን፤ በሌላ ሰው ፊት ጉንጩን ሰጥቶ ስህተቱን የሚቀበል የግምጃ ቤት ኃላፊ ብዙ አይገኝም።

አዲስ ለምትገቡ ልጆች እንዲህ ነው። የመስኮት ብሩሽ የሚለወጠው ጠጉሩ ሲያልቅ አይደለም። ታጥቦ ደርቆ ጫፉ ካልቀና፣ ሽቦው ብቅ ካለ፣ ወይም እንዲያጸዳ መጫን ካስፈለጋችሁ፣ የዚያኑ ዕለት ወደ ወለል ይውረድ። አዲሱንም በተረከባችሁበት ቀን ሥሩበት።